የቀን ነው የሌሊት?

ያቺን ኮረብታ የያዝናት ሠላሳ አንድ ሆነን ነው። ስሟን እስከ ዛሬ አላውቀውም። እኔ የመቶዋ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ መትረየሱን የያዘው ጀማል ነው፣ የሚኤሶ ልጅ። ከጭሮ በአንድ መኪና ተሳፍረን ነበር የዘመትነው።

በአራተኛው ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሬዲዮ ትእዛዝ መጣ፦ «በ12:00 ለቃችሁ ውረዱ።» ሠራዊቱ የሚጠቀመው በሃያ አራት የሚቆጠረውን የፈረንጅ ሰዓት ነው። ሥልጠና ላይ ተምሬዋለሁ፤ 12:00 ቀትር ነው፣ እኩለ ሌሊት 00:00። እኔ ግን የእጅ ሰዓቴን አየሁ። እሷ በፈረንጅ የተሞላች ናት፤ ለቀትርም ለእኩለ ሌሊትም አሥራ ሁለት ነው የምታሳየው። ደግሞ እስከዚያ ቀን ቦታ የለቀቅነው ሁልጊዜ በጨለማ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ማን ይወርዳል?

«ስንት ሰዓት አሉ?» አለኝ መቶ አለቃችን።

«የሌሊት ስድስት ሰዓት፣ አለቃ።»

«እርግጠኛ ነህ? ጠይቃቸው እንጂ።»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩት። ይህን እንኳ አያውቅም እንዳልባል አፍሬ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጀማል የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሊሰግድ ተነሳ። ወደ ቀኝ አየና ቆመ። «አንተ፣ ጎረቤቶቻችን የሉም እኮ!» በቀኛችን የነበረው ሻምበል ወርዶ አልቋል። ሬዲዮኑን አነሳሁ። «እስካሁን እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» አሉኝ። ለመቶ አለቃው ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ «ውረዱ» ብቻ አለ።

ጠላት ባዶውን ቀኝ ይዞ ተኮሰብን። ጀማል ከመትረየሱ አልተነሳም። «ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተኩሱን ሰማነው። ከዚያ ቆመ።

ሸለቆው ውስጥ ተቆጠርን፤ ሃያ ስድስት። ከቀሩት አምስቱ አንዱ መቶ አለቃው ነው። ስህተቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

አሁን ጭሮ መናኸሪያ መኪና አሰማራለሁ። ተሳፋሪ «የሂርናው ስድስት ሰዓት ይወጣል?» ሲለኝ «የቀን ነው የሌሊት?» እላለሁ። «በሌሊት መኪና አለህ እንዴ!» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አንድ ቀን የጀማል አባት ከሚኤሶ መጡ። አብሮት እንደነበርኩ ሰምተዋል።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያለፈው?»

«ወደ ሰባት ሰዓት ነው፣ አባባ። የቀን።»

«ዙሁርን ሰግዶ ነበር?»

«ሊሰግድ ተነስቶ ነበር፤ ጊዜ አላገኘም» አልኳቸው።

አመስግነውኝ ሄዱ። ጊዜውን ማን እንደወሰደበት ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።