በደጃችን የተወጠረው ነጭ ሸራ

አባቴ ላንጋኖ መሄድ እንደሚፈልግ የነገረኝ ምሳ እየበላን ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ይሄ አማረኝ ሲል ሰምቼው ስለማላውቅ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ቀያሾችን ይዞ አገር ያዳረሰ ሾፌር ነው። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ የሸጣትን አሮጌ የመስክ መኪና ገዛ፤ እናቴን ሊያዞርባት ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ መኪናዋም እሱም ኮልፌ ግቢያችን ውስጥ ቆመው ቀሩ። ጠዋት ጠዋት ሞተሯን አስነስቶ ትንሽ ያዳምጣታል፣ መልሶ ያጠፋታል። ከበር ግን አይወጣም ነበር።

ችግሩ ፀሐይ ነው። የሚወስደው መድኃኒት ቆዳውን ስለጎዳው ሐኪሙ ፀሐይ እንዳይመታው አጥብቆ ነግሮታል፤ ላንጋኖ ሄዶ ፀሐይ መሸሽ ደግሞ ዘበት ነው። ስለዚህ ሐሳቡን ሳይቀይርብኝ ከመኪናዋ ጣሪያ ጎን ተወጥሮ ጥላ የሚሆን ነገር ፍለጋ ገባሁ። አብሮኝ ካልመጣ እንደማልገዛ ስነግረው አጉረመረመ፣ ግን ጫማውን አደረገ።

መጀመሪያ ያየነው ከውጭ የመጣ ነበር፤ ከጥቁር ቦርሳ ውስጥ ተስቦ ይወጣና በራሱ ክንዶች ይዘረጋል። እኔ ወዲያው ወደድኩት። አባቴ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ዳሰሰና የላንጋኖን የከሰዓት ንፋስ እንደማላውቀው፣ ይሄ ነገር እኛን ጥሎ ሐይቁን እንደሚሻገር ነገረኝ። ሁለተኛው ዙሪያውን ግድግዳ ያለው፣ ክፍል የሚመስል ነው። እሱን ደግሞ፣ ሐይቅ ድረስ ሄደን ጨርቅ ልናይ ነው ወይ ብሎ ጣለው። ሰው መተቸት ሲጀምር እየዳነ ነው ብዬ በልቤ ደስ አለኝ።

በመጨረሻ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ድንኳን የሚሰፉ ሰውዬ ጋ ገባን። ያላቸው ሸራ ሁለት ዓይነት ነው፣ አረንጓዴና ነጭ። እኔ አረንጓዴውን አልኩ። አባቴ ሁለቱንም ፀሐይ ላይ አስወጥቶ እጁን በየተራ ከሥራቸው አደረገ። ነጩ ይቀዘቅዛል አለና ጠርዙ በሰማያዊ እንዲሰፋለት አዘዘ። እናቴ የሞተች ጊዜ ደጃችን ላይ የተተከለው የእድር ድንኳን ይኸው ሸራ፣ ይኸው ሰማያዊ ጠርዝ ነበር። ረስቶት ይሆን ብዬ ለመጠየቅ አንጀቴ አልቻለም። ስንት ጊዜ ቆይቶ አንድ ነገር የመረጠን ሰው ሌላ ቀለም ምረጥ አይሉትም።

ቅዳሜ ጠዋት ልንሞክረው ተነሳን። ግቢው ስለማይበቃ አባቴ መኪናዋን አውጥቶ ከአጥሩ ጎን አቆማት። የሸራውን አንድ ጎን ከጣሪያዋ ጋር አሰርን፣ ሌላውን በሁለት ቋሚ ብረት ደገፍን። ኮብልስቶኑ ካስማ ስለማያስገባ ገመዱን በድንጋይ ያዝነው። አባቴ ራቅ ብሎ አየውና ወንበር ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ።

ሁለታችንም ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። እኛ ሰፈር፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ደጅ ላይ ነጭ ሸራ ተወጥሮ ሲታይ ማንም ምንድነው ብሎ አይጠይቅም። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት የእናቴ ወዳጅ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩና ምንም ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ገቡ። ሲወጡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው የሱቁ ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው ይመጣሉ፤ ሁለት ጎረምሶች ደግሞ የእድሩን አግዳሚ ወንበር ተሸክመዋል። እኔ ገመድ እያጠበቅኩ ነበር። አፌን ሳልከፍት ሴትዮዋ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

"ሳልሰናበታቸው" አሉ እያለቀሱ። "እሷ ከሞተች ወዲህ በራችሁን እያየሁ ነው የማልፈው። ዛሬ አንኳኳለሁ፣ ነገ አንኳኳለሁ ስል፣ ልጄ፣ አመለጡኝ።"

አባቴ ይሄን ሁሉ ሰምቶ፣ ታጣፊ ወንበሩን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። ሸራውን አየ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ፣ ወደ አግዳሚው ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ለእኔ ነው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

ሴትዮዋ አማተቡና ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ ይስቁ ጀመር። ጎረምሶቹ አግዳሚውን እንደተሸከሙ ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። አባቴ ይዛችሁት ከመጣችሁ አይቀር አስቀምጡት አላቸው። ሐጂ የእድሩ ድንኳን ከመቼ ወዲህ እንዲህ ጠበበ ብለው ሲገረሙ እንደመጡ ተናገሩ፤ አባቴም ሳቀ። ሻይ አፍልቼ አወጣሁ። አባቴ ስለ ላንጋኖ ንፋስ፣ ሌሊት ንፋሱ ድንኳኑን ስለነጠቀው ቀያሽ ሲያወራ ድምፁ የድሮው ነበር። ናፍቆኝ ኖሯል።

ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ሰዉ ተበተነ። አጠገቡ ተቀምጬ፣ ከፈለገ ሸራውን በአረንጓዴው ልናስቀይረው እንደምንችል ነገርኩት።

"የእናትሽ ድንኳን ቀለም መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለሽ?" አለ። "ያኔ እዚህችው ቦታ ሳምንት ሙሉ ስቀመጥ የአንድ ሰው ፊት አላየሁም። ዛሬ አየኋቸው።"

ትከሻው ላይ ተደገፍኩ።

ለላንጋኖ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ቆረጥን፤ ሴትዮዋም አብረውን እንዲመጡ አባቴ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ በራቸውን አንኳኳ። ማታ ሸራውን ጠቅልለን መኪናዋን አስገባን። እንደ ልማዴ የውጭውን በር ልቀረቅር ስሄድ ከኋላዬ ጠራኝ።

"ተይው" አለ። "ሰው ይገባ ይሆናል።"