ዲ ይነካ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር ሊያስጠግን የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፤ «ዲ ይነካ?» የሃርድ ዲስኩ አንዱ ክፍል፣ ሲ የሚባለው፣ ፕሮግራሙ የተጫነበት ነው። ቫይረስ ሲገባ እሱ ፎርማት ይደረግና እንደ አዲስ ይጫናል። ዲ ግን ሰው ንብረቱን የሚያኖርበት ነው፤ የሠርጉ ቪዲዮ፣ የክርስትናው ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ስለዚህ መልሱም ያው አንድ ነው፤ «ኧረ ዲ እንዳይነካ።» እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ዲ እንዳይነካ ስል ኖርሁ። የሚቆጨኝ ደግሞ በእኛ ቤት ዲ ላይ ያለችው እኔ አለመሆኔ ነው።

ኮምፒውተሩ የባሌ ነው። ከእኔ በፊት አግብቶ ነበር፤ ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ ትታለት በሕመም ሞተች። እኔን ሲያገባ ቤቱን ቀለም አስቀባ፣ መጋረጃውን ለወጠ፣ ግድግዳው ላይ የነበረውን ትልቁን የሠርጋቸውን ፎቶ ለሟቿ እናት ወሰደላቸው። ሰው ይህን ሁሉ ሲያደርግልህ ተመስገን ነው የምትለው፤ እኔም ብያለሁ። በሳምንቱ የፈተና ጥያቄ ልጽፍ ኮምፒውተሩን ብከፍት ዲ ላይ አገኘኋት።

ደጀን ላይ ዓባይ በረሃን ቁልቁል እያዩ የተነሡት አለ። ጥምቀት ላይ በሀበሻ ቀሚስ አለች። እሷስ ትሁን፤ እኔን ያቃጠለኝ የእሱ ነገር ነው። ጥርሱ እስኪቆጠር ይስቃል። ከእኔ ጋር በተነሣው ፎቶ ሁሉ መታወቂያ ሊያወጣ የሄደ ነው የሚመስለው።

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። በሕይወት ያለች ሴት ብትሆን ቢያንስ ላማት እችል ነበር። ይችን ግን ማማት እንኳ አይቻልም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ስለሷ ባነሣ ቁጥር «ነፍሷን ይማረውና» ይላል። እሷ ነፍሷን ይማረውና እንግዳ አቀባበሏ፤ እሷ ነፍሷን ይማረውና ዝምታዋ። ዝምታዋ የሚሉት እኔን ነው፤ ገብቶኛል። ለእኔ በቁሜ ነፍሷን ይማር የሚልልኝ አጣሁ።

ልጅቱ ደህና ናት። እኔን እቴቴ ትለኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቤ እየመጣች «እቴቴ፣ የእማዬን ክፈችልኝ» ትላለች። እከፍትላታለሁ፤ ከፍቼ ወደ ጓዳ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ ግን «ኮምፒውተሩ ታሟል» እላት ነበር።

አፌን ሰምቶ ነው መሰል በእውነት ታመመ። ሾርትከት የሚሉት ቫይረስ ነው፤ ፎልደሩ ሁሉ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት ያበቅላል፤ ፋይሉ የት እንደገባ አይታይም። ከኮምፒውተሩ ወደ ፍላሼ፣ ከፍላሼ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። የማባዣ ክፍሏ ሴትዮ መምህራን በተሰለፉበት «የአንቺን ፍላሽ አልሰካም፣ ማሽኔን አሳመምሽብኝ» አለችኝ። ፍላሼን ይዤ ስመለስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አስጠገንሁት። ሲ ፎርማት ተደረገ፤ ሳምንት ሳይሞላው ቀስቱ መጣ። እንደገና አስጠገንሁት፤ እንደገና መጣ። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ከሰዓት የኮምፒውተሩን ሳጥን ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ልጣላ ተዘጋጅቼ፣ ጠጋኙ ዘንድ ሄድሁ።

«ፎርማት የተደረገ ነገር እንዴት ተርፎ ይመለሳል? ወይስ አታጠፋውም?» አልሁት።

«ቲቸር፣ ፎርማት በተደረገበትማ አልተረፈም» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ስቆጣም እርስዎ ማለቱን አይተውም። የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ነገር ከፈተና ዲን አሳየኝ። «አዩት? እዚህ ነው የተቀመጠ። እኔ ሲን አጠፋለሁ፤ እርስዎ ቤት ገብተው ዲን ሲከፍቱ ተመልሶ ይገባል። እንዳይነካ ባሉኝ ላይ ነው የሚኖረው።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ዲም ይነካ።»

ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብል እግዜር ይታዘበኛል። በእኔ እጅ አይደለም፣ በቅናትም አይደለም፤ ቫይረስ ነው። ጎረቤትም ባሌም ምን ሊለኝ ይችላል? ደጀንም ጥምቀቱም ያ ሁሉ ጥርስም ድራሹ ሊጠፋ ነው። «ይነካ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ፎቶውን ግን አብሬ አላጠፋም» አለ፤ ማን ጠየቀህ። «ፎቶ ራሱ አይታመምም። ከፈለጉ ፎቶ ፎቶውን ለይቼ በንጹሕ ፍላሽ አወጣልዎታለሁ። ይኸው ይሄን ይመልከቱ፣ ደህና ነው።» ብሎ አንዱን ከፈተው። ሟቿ አራስ ናት፤ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ታች ታያታለች። አፏ የልጅቱ አፍ ነው። ጧት ጧት ፀጉሯን ስሠራት እያመማት ዝም ስትለኝ የምትገጥመው አፍ።

«ለይልኝ» አልሁት። በንዴት ነው ያልሁት፤ ምን እንዳናደደኝ ሳይገባው አልቀረም፤ ቀስ ብሎ ይሠራ ጀመር። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ፎቶው ሁሉ አንድ በአንድ በፊቴ አለፈ፤ አንዲትም እንዳትቀር እየተቆጣጠርሁ፣ በእያንዳንዷ እየቀናሁ። ሲጨርስ ሲም ዲም ፎርማት ተደረገ።

ባሌ የሚሠራው ሮብ ገበያ ከተማ ስለሆነ፣ እዚያ ሰንብቶ ዓርብ ማምሻውን ነው የሚገባው። ልጅቱ ጎረቤት ነበረች። ገብቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን መፍታት ጀመረ። ፍላሹ ጨብጬው እጄ ውስጥ ነው። ላበስረው ነበር፤ ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ ፊቱን ላይ አልሁ።

«ዲ ተነካ» አልሁት። «ቫይረሱ እዚያ ነበር አሉ። ፎቶው ሁሉ ጠፋ።»

እጁ ማሰሪያው ላይ ቆመ። «ውይ፣ ልጅቱ» አለ። «ምን እንላታለን?»

«አንተስ?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ጥያቄው የገረመው ይመስላል። ክፋት የለበትም፤ ሊያጽናናኝ እኮ ነው፣ እንዳይከፋኝ ብሎ ነው። «ኧረ እኔስ ምን ያደርግልኛል፤ አንቺ አትጨነቂ» አለኝ። «እኔ መቼ ከፍቼው አውቃለሁ? ሳልከፍተውም ይታየኛል።» ወደ ሁለተኛው ጫማ ዞረ።

ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት፤ «አልጠፋም፣ ለእሷ አስወጥቼላታለሁ» አልሁ። ደስ አለው፤ እጄን ይዞ አመሰገነኝ። ኮምፒውተሩ ይኸው እስከ ዛሬ አልታመመም፤ የማባዣ ክፍሏ ሴትዮም ፍላሼን ትቀበላለች። ቅዳሜ ልጅቱ ስትጠይቀኝ እከፍትላታለሁ፤ አሁን ጓዳ አልገባም፣ አብሬያት አያለሁ። የምቀናው እሱ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው።