ግራማፎን የሚያስጾሙት ሰው

ባለፈው ቅዳሜ፣ ላፍቶ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ የበግ ሞራ አቀለጠች። ሽታው ደረጃ ደረጃውን ወጥቶ እስከ አራተኛ ፎቅ የሁሉንም በር አንኳኳ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ መስኮት ሲከፍት፣ እኔ ብቻ ደረጃው ላይ ቆሜ እንደ ሽቶ ሳሸተው ቆየሁ። ልጄ አየችኝና «እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ተናድጄ ነው። ያ ሽታ አርባ ዓመት ያህል ተኝቶ የነበረ ንዴት ቀሰቀሰብኝ። ንዴቱም የራሴ አይደለም፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው። ሌላው ሰው ከእናቱ ወርቅና መሬት ይወርሳል፤ እኔ የወረስኩት በጋሽ አስናቀ መናደድን ነው።

ጋሽ አስናቀ ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ አንድ በር ባላት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ግራማፎን ይጠግኑ ነበር። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ሰዓትና ግራማፎን እንጠግናለን» ተብሎ ተጽፏል። «እንጠግናለን» ያሉት እሳቸውና ማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ብቻቸውን ነበሩ። ውስጡ ላምባ ላምባ ይሸታል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጡሩምባዎች አፋቸውን ከፍተው የሚገባውን ሰው ሁሉ የሚታዘቡ ይመስላሉ። ወለሉ ላይ ከሣጥናቸው የወጡ ሞላዎች እንደ እባብ ተጠቅልለው ተኝተዋል።

በዚያ በደርግ ዘመን የፋብሪካ ቅባት ከገበያ ስለጠፋ ጋሽ አስናቀ የራሳቸውን ፈጥረው ነበር። የበግ ሞራ ያቀልጡና የእርሳስን ጥቁሩን ውስጡን ፈጭተው ይቀላቅሉበታል። የመካኒሳ ልጆች እርሳስ ያለቀብን በመጻፍ ሳይሆን በጋሽ አስናቀ ነው ብል ያጋነንኩት ትንሽ ነው። ሞላ በዚያ ቅባት ሲታሽ ሐር ይሆናል፤ ይህን ጠላታቸው እንኳ ይመሰክራል። ጠላታቸው ደግሞ እናቴ ነበረች።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጋሽ አስናቀ ቅባቱ መድረሱን የሚያውቁት በጥርሳቸው ነው። ቆንጠር አድርገው በፊት ጥርሳቸው ያላምጡታል። «ጣት ይታለላል፤ ያልደቀቀ እርሳስ ካለ የሚያውቀው ጥርስ ነው» ባይ ናቸው። ሞራ ደግሞ የፍስክ ነው። ስለዚህ በጾም ቅባት አይሠራም፤ ቅባት ካልተሠራ ግራማፎን አይገጠምም። ቀደም ብለው ሠርተው ለምን አያስቀምጡም እንዳትሉኝ። ያደረ ሞራ ይሻግታል ብለው ለእያንዳንዱ ሣጥን ትኩስ ነው የሚያቀልጡት። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሁዳዴ... የመካኒሳ ግራማፎኖች ከመነኩሴ የበለጠ ይጾሙ ነበር።

የእኛ ግራማፎን ሞላው የተበጠሰው በኅዳር ነው። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ሣጥኑን አገሩ ሊገባ ጓዙን ከሚሸጥ ጣሊያን ገዝቶ እኛ ዘንድ ያስቀመጠው እሱ ሲሆን፣ ራሱ ግን መንገድ ላይ ይኖር ነበር። ቤታችን መብራት አልገባም። ለቴፕ የሚሆን ባትሪ ድንጋይ ከሱቅ ከጠፋ ከርሟል። የቀበሌው ድምፅ ማጉያም ለስብሰባ እንጂ ለሰርግ አይወጣም።

ሰርግ ያልኩት የታላቅ እህቴን የሙሉነሽን ነው። እጮኛዋ ታደለ የጎፋ ልጅ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ሄዶ ሳለ ደብዳቤ ጻፈ። ለገና ጥቂት ቀን ፈቃድ አግኝቷል። ገና ሐሙስ ይውላል፣ እሑድ ይጋባሉ፣ ማክሰኞ ወደ ግንባር ይመለሳል። መጨረሻ ላይ «ያችን ሸክላ አዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ» ይላል። ያች ሸክላ አንዲት የክራር ዘፈን ናት። ታደለ እሷን ሊሰማ እኛ ቤት ሲመላለስ ነው ዓይኑ እህቴ ላይ ያረፈው፤ በሰርጉም በእሷ ሊጨፍር ምሎ ነበር። እህቴ ደብዳቤውን አጣጠፈች፤ ስለ ቀሚስ አልጠየቀችም። «ግራማፎኑስ?» ነው ያለችው።

እናቴ እጄን ይዛ እየጎተተች ወረደች። የነቢያት ጾም አጋማሽ ነበር።

«ጋሽ አስናቀ፣ ሞላው እንዴት ሆነ?»

«ተቀጥሏል። ደኅና ነው።»

«ታዲያ ይግጠሙታ!»

«ቅባት ይቀረዋል።»

«ይቀቡታ!»

ጋሽ አስናቀ መነጽራቸውን አውልቀው በርኅራኄ አዩዋት። «ጾም ነው እኮ፣ ወይዘሮ አስካለ።»

«ለግራማፎኑ?»

«ለእኔ። ሳልቀምስ አልቀባም።»

«እንግዲያው ይህች ልጄ ትቅመስልዎ። ገና ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጾም አልያዘችም።»

ጋሽ አስናቀ አገጬን ያዙና አፌን እንደ በግ ገዥ ከፍተው አዩ። አራቱም የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ነበር።

«በዚህ?» አሉ። «ይህች እኮ ጠጠር ብትጎርስም አታውቅ!»

እናቴ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ለሰርጉ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?»

«ከገና በኋላ ይደርሳል።»

«ሐሙስ ገና ነው።»

«በዓል ነው፣ አልሠራም።»

«ዓርብስ?»

«ዓርብማ ጾም ነው። ቅዳሜ ግን አስረክብዎታለሁ።»

«ቅዳሜ ደግሞ አንድ ሰው ይሞትና ቀብር ይሄዳሉ!»

«ሰው ከሞተማ ምን ላድርግ? ልቅር?»

በማግስቱ እናቴ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ይዛ ተመለሰች። «ይኸው የጾም!» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጋሽ አስናቀ ቦምብ የተቀመጠባቸው ያህል ወደ ኋላ ሸሹ። «ኑግ ይደርቃል፣ ሙጫ ይሆናል። ዛሬ ይዞራል፣ ከርሞ ይይዛል» አሉ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደገደገችና የቤቱን ብቸኛ በርጩማ ያዘች። ሦስት ሰዓት ሙሉ አልተነሣችም። ጋሽ አስናቀ ቆመው ዋሉ። ጉልበታቸው ሲደክም ጠርሙሱን አነሡና፣ ፊታቸውን ወደ አቦ አዙረው አማትበው፣ መርዝ እንደሚያጠጣ ሰው ሞላው ላይ አፈሰሱት።

ግራማፎኑ ዞረ! በደንብ ዞረ። እናቴ ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማው እንደ ታቦት ይዛው ገባች። ከዚያም ብርድ እንዳይመታው ብላ፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ እስከ ሰርጉ ድረስ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ኑግን ከዚህ የበለጠ የሚያደርቅ ዘዴ ፋብሪካም አያገኝ!

የሰርጉ ዕለት ሙሽሮቹ ዳሱ መሐል ቆሙ። ሸክላው ተጀመረ፣ ታደለ ትከሻውን አነሣ። ዘፈኑ ሳይጋመስ ዘፋኟ መጎተት ጀመረች። ድምፅዋ ወደ ወንድ፣ ከወንድ ወደ ሽማግሌ፣ ከሽማግሌ ወደ ታመመ በሬ ወረደ። ከዚያ ጸጥ። ታደለ ትከሻው እንደተነሣ ቀረ። እህቴ እንባ ባቀረረ ዓይኗ እናቴን አየቻት። እናቴም ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። በሕይወቴ እናቴ አንገቷን ስትደፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ አስናቀ ከዳሱ ጥግ ሳህናቸውን አስቀምጠው ተነሡ። እጃቸውን ታጠቡ። በቢላዋ ጫፍ ከሥር የሆነ ነገር ፈትተው ሞተሩን አላቀቁና ሸክላው የተቀመጠበት ሳህን ብቻውን እንደ ልብ እንዲዞር አደረጉ። መርፌውን መለሱ። ከዚያ ሌባ ጣታቸውን ሸክላው መሐል ባለው ወረቀት ላይ አሳርፈው ማዞር ጀመሩ።

ዘፋኟ ከመቃብር ተነሣች። አልፈጠነችም፣ አልዘገየችም። ታደለ እህቴን ይዞ ጭፈራው ውስጥ ገባ።

ሲያልቅ «ድገሙት!» ተባለ። ሲደገም «ይደገም!» ተባለ። እንደ እናቴ አቆጣጠር ሠላሳ ጊዜ ነው፤ እንደ እኔ አራት መቶ ጊዜ። ጋሽ አስናቀም መርፌ ለመቀየር ባረፉ ቁጥር ምላሳቸው አያርፍም፦ «ኑግ ለወጥ ነው ብዬ ነበር።» ቀጥሎ፦ «ሙጫ ይሆናል አላልኩም?» እናቴ ዘዴ አገኘች። እጃቸው ሥራ ላይ ስለሆነ አጠገባቸው ቆማ ታጎርሳቸው ጀመር። «ብዬ ነበ—» ሲሉ የጡጫዋን ያህል ጉርሻ አፋቸው ላይ ትወትፋለች። እንዲህ እየዋሉ፣ እሳቸው እያዞሩ እሷ እያጎረሰች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ጣታቸው አብጦ አውራ ጣት አክሏል። ታደለ ሲሰናበት ጎንበስ ብሎ ያችን ጣት ሳማት።

ጋሽ አስናቀ «ከጥምቀት በኋላ አምጡት፣ በሞራ እሠራዋለሁ» ብለው ነበር። ከጥምቀት በኋላ እውነትም ሰው ሞተና ቀብር ዋሉ። ከዚያ ነነዌ ገባ፣ ከነነዌ በኋላ ሁዳዴ። እናቴ ሃምሳ አምስት ቀን ሲባል ስትሰማ «ይቅር! ገደል ይግባ!» ብላ ሣጥኑን አልጋ ሥር ገፋችው። ጋሽ አስናቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። እናቴ ቀብራቸው ላይ ከዘመድ ብሳ አለቀሰች፤ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ግን «ግትር!» ስትል ሰምቻታለሁ።

ታደለ ከግንባር ሳይመለስ ስድስት ዓመት ቆየ። መንግሥት ሲለወጥ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ቃል የማይወጣው ሰው ሆኖ መጣ። በሦስተኛው ቀን እህቴ ያን ሣጥን ጎትታ አወጣችና አቧራውን ጠርጋ ሸክላውን አስቀመጠችለት። መሐሉ ያለው ወረቀት ላይ የዘፋኟ ስም አይነበብም። የጋሽ አስናቀ ጣት በዚያ እሑድ ፍቆ አጥፍቶታል፤ በስሙ ፋንታ ነጭ ክብ መንገድ ቀርቷል። ለታደለ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ የነገረው አልነበረም። ነጩ ላይ አኖረና ማዞር ጀመረ።