ከቦይ የተለቀሙ ችግኞች

የሐጂራ ባል በሞተ በዓመቱ፣ በ2004፣ የባሏ እህት ሳቢሃ የውርስ ክርክር አንስታ ጓሮውን ወሰደች። ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለው ግቢ በግንብ ተከፈለ። ሐጂራ ሃያ ሁለት ዓመት ያለማችው መሬት ለሳቢሃ፣ ሁለት ክፍልና በሲሚንቶ የተለሰነ በረንዳ ለእሷ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት ቀበሌው ስልጠና ሲጠራ ሄደች። አትክልት ያለ አፈር፣ በጠጠርና ማዳበሪያ በሟሟበት ውሃ እንደሚበቅል እዚያ አየች። የሰላጣ ችግኝ ከገበያ ገዝታ ሞከረች፤ አፈሩ ሲታጠብ ሥሩ ተበጣጠሰ፣ በሦስተኛው ቀን ሁሉም በሰበሰ።

«እነዚህ አድገው አልፈዋል» አላት አሰልጣኙ ወንድወሰን። «ገና ሁለት ቅጠል ያወጡ፣ ጥፍር የሚያህሉ ይፈልጉ።»

እንዲህ ያለ ችግኝ የሚሸጥ አልተገኘም። ሳቢሃ ግን የሰላጣ መደቧን ስታሳሳ የበዛውን ችግኝ እየነቀለች ትጥል ነበር። ሐጂራ ኩራቷን ውጣ በሯን አንኳኳች።

«የምትጥዪውን ስጪኝ።»

«ወላሂ፣ በአባቴ መሬት የበቀለ ቅጠል እጅሽ አይገባም!» አለች ሳቢሃ። የነቀለችውንም ዓይን ዓይኗን እያየች በጫማዋ ረገጠችው።

ሰኔ ላይ ሐጂራ ውጭ ያለውን ቦይ ስትጠርግ፣ ከሳቢሃ ግንብ ሥር ባለው የውሃ መውጫ አጠገብ አንድ ነገር አየች። ዝናብ ያወረደው የሰላጣ ዘር ባዶ ጠጠር ላይ በቅሏል። ሥሩ ነጭ ነው፤ አፈር የሚባል አልነካውም። ተንበርክካ አርባ ያህል ለቀመች። አብዛኞቹ በረንዳዋ ላይ ያዙ።

ሳቢሃ ይህን ስትሰማ የሰፈሩን ሽማግሌ ሼህ አብደላን ይዛ መጣች።

«ሌባ ናት! ዘሩ የኔ ነው!»

«ቦዩ የመንገድ ነው፣ ልጄ» አሉ ሼህ አብደላ። «ዝናብ የወሰደውን ማን ይከሳል?»

ሳቢሃ በማግስቱ የውሃ መውጫውን በሲሚንቶ ደፈነችው። ሐምሌ ሲገባ ጎርፉ መውጫ አጥቶ ጓሮዋ ውስጥ ተኛ፤ መደቦቿም ሰመጡ። ሐጂራ ከግንቡ ወዲህ ሆና ሳቢሃ በባልዲ ስትቀዳ ሰማቻት። አልሄደችላትም። ደስ አላት፤ በመደሰቷም አላፈረችም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰላጣ ለዘር እየተወች፣ እርጥብ ስፖንጅ ላይ ራሷ ታበቅላለች። ለኢድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ግን እስከ ዛሬ አንዷ ዞር ትላለች፤ ብዙውን ጊዜ ሐጂራ ናት።