መርማሪው በሰው ፊት ያመሰገነኝ ቀን

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ያኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ በታይፕ እተዳደር ነበር። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የፈተና ወረቀት፣ የመጣልኝን ሁሉ እመታለሁ። አግብቼ ፈትቼ ወደ እናቴ ቤት ተመልሻለሁ፤ አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት መምህራን መጡ። አንድ ባልደረባቸው ያለ በቂ ምክንያት ወደ ሩቅ ወረዳ መዛወሩን የሚቃወም የሁለት ገጽ ጽሑፍ ይዘዋል። መታሁላቸው። በማግስቱ ወረቀቱ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ መርማሪ ፖሊስ መጣና አንዱን ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ «ሰ» የሚለውን ፊደል በጣቱ ነካ። የጽሕፈት መኪናዬ «ሰ» አንድ እግሩ ስለተሸረፈ የትም ቢሆን ይለያል።

«ያንቺ መኪና ነው?»

«የኔ ነው።»

«ማን አመጣው?»

«እኔ የሚሰጡኝን እመታለሁ እንጂ የሰው ስም አልመዘግብም።»

«መልካቸውንስ?»

«በቀን ብዙ ሰው ይገባል። አላስታውስም።»

ይህን እንኳ ዋሽቼዋለሁ፤ ሦስቱንም አሳምሬ አውቃቸዋለሁ። መርማሪው አልተቆጣም። ወጣት ነው፤ አነጋገሩ ለስላሳ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጣቢያ አስጠራኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ መልስ ሰጠሁት። ወር ሳይሞላ ሦስቱም መምህራን ታሰሩ።

በታሰሩ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ መንገዱ በገበያተኛ በተጨናነቀበት ሰዓት፣ መርማሪው ደጃፌ ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ አልገባም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ «እህቴ፣ ስለ ትብብርሽ በጣም እናመሰግናለን» አለኝ።

«የምን ትብብር?» አልኩት። ግን ፊቱን አዙሮ ሄዷል። እኔን የሰማኝ ያለ አይመስለኝም። እሱን ግን መንገደኛው ሁሉ ሰምቶታል።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለው ሻይ ቤት ነው። ባለቤቲቱ የልብ ወዳጄ ነበረች፤ ልጆቿ ሲታመሙ አብረን ነው ሐኪም ቤት የምንሄደው። መርማሪው ከእኔ ደጅ እዚያ ገባና ሻይ አዘዘ፤ ለተቀመጡት ሰዎችም «ልጅቱ ባትጠቁመን ኖሮ አናገኛቸውም ነበር» አላቸው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ በዚያው ቀን፣ በሩን ገርበብ አድርጋ።

«አንቺ አምነሽዋል?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤» አለችና መሬት መሬት አየች።

ከዚያ ወዲያ ሰው ጨርሶ አልራቀኝም፤ ቢርቀኝ ይሻል ነበር። ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፣ ግን አይቆሙም። ሱቅ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ማመልከቻ የሚያስመቱ ሰዎች እኔን አልፈው ፒያሳ ድረስ ይወጣሉ። የአንደኛው መምህር ሚስት መንገድ ላይ ስታየኝ ልጇን በእጇ ስባ ወደ ማዶ ተሻገረች። እናቴ ማታ ማታ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያያል» ትለኛለች። እሷም ግን ከጎረቤት ጋር ደጅ መቀመጥ ትታለች።

አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ነበሩ፤ ጽሑፎቻቸውን እኔ ነበርኩ የምመታላቸው። ሄጄ ነገርኳቸው።

«እርስዎ ሕግ ያውቃሉ። ፖሊስ እንዲህ እንዲያደርግ ይፈቀድለታል?»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «አይፈቀድለትም። ስም ማጥፋት ወንጀል ነው፤ ሕጉ ፖሊስን ለይቶ የተወበት ቦታ የለም። ሕገ መንግሥቱም የሰው ክብርና መልካም ስም ይጠበቃል ይላል። ግን እስቲ ንገሪኝ፤ ደጅሽ ላይ ቆሞ ምን አለ?»

«እናመሰግናለን።»

«አየሽ፣ ሰውን ማመስገን አያስከስስም። የሚያስከስሰው ሻይ ቤት የተናገረው ነው። ለእሱ ደግሞ ምስክር ያስፈልግሻል።»

ወደ ወዳጄ ተመለስኩ። ብርጭቆ እያጠበች ነበር። የምፈልገውን ስነግራት እጇን ከውሃው ሳታወጣ አዳመጠችኝ።

«ልጆች አሉኝ፤» አለች። «ይህን ቤት ቢዘጉብኝ የት እገባለሁ? ወላሂ አልችልም። አትፍረጂብኝ።»

አልፈረድኩባትም ብል ውሸት ነው። ክፍሌ ገብቼ በዚያችው እግረ ሸራፋ መኪና የራሴን አቤቱታ መታሁ፤ ለጣቢያው አዛዥም ወሰድኩ። አዛዡ ቆሞ አነበበው። «የእኛ ሰው እንዲህ አይናገርም። ሰማሁ የሚል ሰው ካለ ይዘሽ ነይ» ብሎ መለሰልኝ።

በዚያው ክረምት እናቴ ሞተች። ለቀብሩ ሰው አልጎደለም፤ ጀናዛዋ በወግ ወጣ፣ ዕድሩም ድንኳኑን ተከለ። ቀባሪው ከተመለሰ በኋላ ግን ሴቶቹ በድንኳኑ ዳር ዳር ተቀመጡ፤ እኔ በተቀመጥኩበት ምንጣፍ ላይ ከግራም ከቀኝም ሰው አልነበረም። እየገቡ «አላህ ይዘንላቸው» ይሉኛል፤ ጥቂት ቆይተው ይነሣሉ። በለቅሶ ቤት ሰው ስለ ሟች ያወራል፤ ስለ እናቴ ያወራ አልነበረም። ወዳጄ ምግብ ይዛ መጣች፣ ሰሐኑን አጠገቤ አስቀመጠች፣ ዓይኔን ሳታይ ወጣች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ መኪናዬን በጆንያ ጠቅልዬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ማንም አያውቀኝም፤ የፈለግሁትም እሱን ነበር። ሙቀቱ ከብዶኝ ነበር፤ ለመድኩት። ከሰው ጋር ግን ከሥራ ውጪ ላለመነጋገር ተጠነቀቅሁ። ጎረቤት ሲጠራኝ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። አንድ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

አንድ ቀን ከሦስቱ መምህራን አንዱ በሬ ላይ ቆመ። ከስቷል፤ ጠጉሩ ሸብቷል።

«አሰላሙ ዐለይኩም፤» አለ። «ልቀመጥ?»

ወንበር ሰጠሁት። ከእስር እንደወጣ ወደ ቢስቲማ አዛውረውት እዚያ እንደሚያስተምር ነገረኝ። ስንት ሰው ጠይቆ እንዳገኘኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«መርማሪው እስር ቤት ውስጥ ‹ልጅቱ ሁሉን ነግራናለች፤ አንተ ምን ትደብቃለህ› አለኝ። አመንኩት። በአንቺ እየተናደድኩ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ፤ የጓደኞቼንም ስም ጨምሬ። ችሎት ስንቀርብ ነው የምስክሮቹን ዝርዝር ያየሁት። አንቺ የለሽበትም። በዝርዝሩ ላይ የነበረው ከሦስታችን አንዱ ነው፤ ቀድሞ የተፈታው፤ የጠቆመውም እሱ ነበር። በአንቺ ላይ ያስወሩት እሱን ለመሸፈን ነው።»

«እናቴ ሞታለች» አልኩት።

«ሰምቻለሁ። አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

«እኔ አውፍ ብያለሁ። አንተ ግን ይህን ለእኔ ሳይሆን ቧንቧ ውሃ ሄደህ ተናገር።»

ተናገረ። በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ በሰው ሁሉ ፊት። በወሩ ወዳጄ ኮምቦልቻ መጣች። እንባዋ እየወረደ «በጆሮዬ ሰምቼ ዝም አልኩ» አለችኝ። አብረን በላን፣ ቆየን። ተከራይተሽው የነበረው ክፍል እስካሁን ባዶ ነው፣ ተመለሺ አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት፤ ግን ለመኖር አልተመለስኩም። ይቅር ማለት አላቃተኝም። እዚያ መንገድ ላይ ሰው ሲያየኝ ምን እያሰበ ይሆን ማለቱን ግን መተው አልቻልኩም።

መርማሪውን ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ አገኘሁት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሲቪል ለብሷል። ወዲያው አወቀኝ፤ እንደ ዘመድ ፈገግ አለ።

«ደህና ነሽ? እናትሽስ ደህና ናቸው?»

ብዙ ዓመት በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር።

«ሞታለች፤» አልኩት።

«አልሰማሁም፤ ነፍስ ይማር፤» አለ። ከልቡ ይመስላል። ቁልቁለቱን ጨርሰን ኮምቦልቻ ገባን። መናኸሪያ ስንደርስ ቀድሞኝ ወረደና እንዳልፍ መንገድ ለቀቀልኝ።