የለቅሶው ፍላሽ

ቤታችን ሁለት ኮምፒውተር ነበረው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሁላችንም። የእኔው በሊኑክስ ነው የሚሠራው፤ መኝታ ቤቴ ጥግ ተቀምጧል። የሁላችን የሆነው ዊንዶውስ ሳሎን ነበር። የእኔን ማንም አይነካውም፤ የነካውም ተራግሞ ነው የሚነሳ። ልጄ አንድ ቀን የትምህርት ቤት ሥራዋን ልትሠራበት ቁጭ አለች። ፓስወርድ አምጪ አላት፤ ሰጠችው። ትንሽ ቆይቶ አሁንም ፓስወርድ ሲላት በዕብራይስጥ "ይሄ ኮምፒውተር ነው እስር ቤት?" ብላኝ ተነስታ ሄደች። እናቴማ "ያ ክፉው" ነው የምትለው። ዊንዶውሱን ግን ሁሉም ይወደዋል፤ ሁሉን ይከፍታል፣ ማንንም አይጠይቅም፣ ማተሚያውም ካሜራውም እንደሰኩት ይሠራል። እኔ ሊኑክሱን ከማተሚያው ጋር ለማስታረቅ አንድ የእረፍት ቀኔን ሙሉ ፈጅቻለሁ።

ወድጄ አይደለም ሊኑክስ የገባሁ። ያስገባኝ ፍላሽ ነው። ጎንደር ዘመድ ሲሞት እዚህ እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ያለነው ቆመን አንቀብረውም። ስለዚህ ቀብሩ በቪዲዮ ይቀረጽና በፍላሽ ተደርጎ አውሮፕላን ለሚሳፈር ሰው ይሰጣል። ከዚያ ፍላሹ ቤት ለቤት ይዞራል። ሽኩና አሌፍ፣ አንደኛው ሰፈር ማለት ነው፣ ያሉት ዘመዶች አይተው አልቅሰው ወደ እኛ ወደ ሁለተኛው ሰፈር፣ ወደ ሽኩና ቤት ይልኩታል፤ እኛም አልቅሰን ለሌላው እናሳልፋለን። በየደረሰበት ኮምፒውተር ይሰካል። ጎንደር ካለው ኢንተርኔት ቤት ጀምሮ የሰው ቤት ቫይረስ ሁሉ ለቃቅሞ ነው የሚደርሰን። "አልሰካውም" ደግሞ አይባልም። የሟችን ቀብር አላይም ማለት ለቅሶ አልደርስም ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ደጅህን ይረግጣል? ዊንዶውሱ በየለቅሶው ይታመማል፣ እኔ በየለቅሶው ሳክመው ሰለቸኝ። ፋብሪካ አብሮኝ የሚሠራ ከሩሲያ የመጣ ሰውዬ ነው "እነዚህ ቫይረሶች ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው፤ ሊኑክስ ላይ አይነሱም" ብሎ የጫነልኝ። ሊኑክስን ምንም አይነካውም አላለኝም፤ ለእናንተ ፍላሽ ግን ይበቃል አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ የለቅሶ ፍላሽ ሲመጣ መጀመሪያ በእኔው ከፍቼ፣ አጥርቼ ነበር የማሳልፈው።

ኧረ እኔ እቴ፣ ስለ ኮምፒውተር ላወራ አልነበረም የተነሳሁት። የእህቴን ነገር ልናገር ነው።

እህቴ የአባቴ የመጀመሪያ ሚስት ልጅ ናት፤ እናቷ በልጅነቷ ሞታባታለች። እኛ ወደዚህ ስንመጣ እሷ ባል አግብታ ስለነበር "ፋይሏ ለብቻ ነው" ተባለና ጎንደር ቀረች። እስካሁን ትጠብቃለች። መጠበቅ ስል ልጆች ወልዳ፣ ልጆቿ አድገው፣ እሷም ሽበት አብቅላ ነው። በመጨረሻ ጉዳይዋን የያዘው ሚስራድ፣ መሥሪያ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ቤተ እስራኤል መሆኗ እንዲረጋገጥ የእናቷን ወገን የዘር ቆጠራ አምጡ አለ። እስከ ሰባት ቤት፤ ማን ማንን ወለደ፣ የት መንደር ኖረ፣ የት ተቀበረ፣ በማን ዘመን ነው ክርስትና የተነሱት። የእናቷ ዘመዶች አልቀዋል። ይህን መቁጠር የሚችሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተው ነበር፤ አባቴና ጎንደር ያለው ወንድሙ።

አባቴ ቆጠረ። በእኔ ኮምፒውተር ልቀዳው ብዬ ነበር፤ ማይክሮፎኑ ግን የሆነ ነገር ከተጫነበት ወዲህ እየተንኮሻኮሸ አስቸገረኝ። ሽማግሌ ፊት ለፊት አስቀምጦ ሽቦ ሲጎረጉሩ መዋል ደግሞ አያምርም። ሳሎን ባለው ዊንዶውስ ሰካሁት፤ ወዲያው ሠራ። አባቴ በየከሰዓቱ ጋቢውን አስተካክሎ ይቀመጥና ወረቀት ሳያይ ይቆጥራል። መሀል ገብተህ ከጠየቅከው ይቆጣል፤ ቁጣውም እዚያው ተቀድቷል። የቀዳሁትን ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥኩት፤ ያ ዲስክ እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንደተሰካ ነው የሚውል። ለእህቴ ልላክላት ብል ደግሞ ከርዝመቱ የተነሳ የጎንደር ኔትወርክ አልሸከም አለ። ወደ ዕብራይስጥ የሚመልስልን ሰው ተራ ሰጥቶን ስንጠብቅ አባቴን ስትሮክ መታው። ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ሰው ያውቃል፤ አፉ ግን ተያዘ። እናቴ "እንኳንም ቀዳነው" አለች። እኔም እንዲያው ነው ያልኩት፤ ተቀድቷል ብዬ አንዱንም በቃሌ አልያዝኩም።

ብዙም ሳይቆይ የአጎቴ መርዶ መጣ፤ ያ ሁለተኛው ቆጣሪ። ሽማግሌዎቹ በጠዋት መጥተው ለአባቴ ሲነግሩት አፉን ከፍቶ ምንም አልወጣውም። ወንድሙ ሞቶ ማልቀስ እንኳ አልቻለም። ቤቱ በሰው ሞላ፤ ከአሌፍም ከሌላውም ሰፈር መጡ። ለቅሶው ሳይነሳ አንድ ከአውሮፕላን የወረደ ዘመድ የቀብሩን ፍላሽ ይዞ ደረሰ። ገና ለማንም አላሳየሁትም፣ መጀመሪያ እናንተ ብዬ ነው አለን።

የእኔን ኮምፒውተር ሳሎን አውጥቼ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዝኩት። ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ዝም ብሎ ያያል። ፍላሹን ሰካሁና የአጎቴን ስም የያዘውን ነገር ተጫንኩ። አልከፍትም አለኝ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ይህን የሚከፍት ፕሮግራም የለኝም ይለኛል። የሊኑክስ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ አንዳንድ ቪዲዮ አይስማማውም። ግን ቆይ፣ ምን እንደሆነ ልየው ብዬ ጎንበስ አልኩ። ለዚያ ትንሽ ደቂቃ ነበር የምፈልገው። እሷን የሚሰጠኝ ጠፋ። አንዲት ሴትዮ ማልቀስ ጀምራ የነበረችው አቋርጣ ዞር ብላ አየችኝ። አንድ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ ተነስታ አጠገቤ መጣችና ቀስ ብላ ተናገረች።

"ልጄ፣ ሰው ለለቅሶ ነው የመጣ። አታስቅብን። በዚያኛው አድርገው።"

"እማማ፣ ትንሽ ታገሺኝ፤ የሆነ ነገር አለው" አልኳት።

አልታገሰችኝም፤ በለቅሶ ቤት ከእናት ጋር ክርክር አይገጠምም። ከዘመዶቻችን አንዷ ፍላሹን ነቅላ ሳሎን ባለው ዊንዶውስ ላይ ሰካችው። ቦግ ብሎ ተከፈተ! ሰው ሁሉ በአንዴ እሪ አለ። አጎቴ ሲወጣ፣ ሲሸከሙት፣ ሲያወርዱት አየን። እህቴም እዚያው ውስጥ አለች፤ ደረቷን እየመታች ከሬሳው ጎን ትሄዳለች። አባቴ ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ ወደ እኔ ዞረ። አዎ እሷ ናት አልኩት። እናቴ ወደ እኔ አየት አድርጋ "አየህ?" አለችኝ፤ ዊንዶውሱ ማለቷ ነው።

በማግስቱ ልጄ በዊንዶውሱ ሥራዋን ልትከፍት ብትል አልከፍትም አላት። የሁሉም ፋይል ስም ተቀይሯል፤ መጨረሻው ላይ የማይነበብ ፊደል ተለጥፏል። ቫይረሱ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ትቶልናል፤ ፋይላችሁ ተቆልፏል፣ ገንዘብ ክፈሉና ቁልፉን እንሰጣለን የሚል። ፎቶዎቹን ልክፈት ብል አይከፈቱም። አባቴን የቀዳሁበትን ፈለግሁ፤ ስሙ ተበላሽቶ ተቀምጧል፣ ብጫነው ብጫነው ዝም። ወደ ዲስኩ ሄድኩ። ዲስኩም ተሰክቶ ነበርና እሱንም ጨርሶታል። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ፍላሹን ወስጄ በሊኑክሱ ተረጋግቼ አየሁት። የቀብሩ ቪዲዮ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ አለ፤ ውጭ ላይ ያለው፣ የአጎቴን ስም የያዘው፣ ቪዲዮ አልነበረም። ቫይረሱን የሚያስነሳ አቋራጭ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲጫኑት ቫይረሱን ይቀሰቅስና ማንም እንዳይጠረጥር ቪዲዮውንም ይከፍታል። ሊኑክሱ አልከፍትም ያለኝ ያንን ነው። ሰው ፊት ያዋረደኝ ልክ ስለነበር ነው! እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ። ፍላሹን ባመጣው ሰው? እሱ የሰው አደራ ነው ያደረሰ። በእናቴ? ለእሷ ጨርሶ አልነገርኳትም፤ ኮምፒውተሩ አርጅቶ ተበላሸ አልኳት። "ያንተውን ክፉውንማ ማን በሰበረው" አለች። ሳቅሁላት፤ አንጀቴ ግን እርር ድብን ብሏል።

አሮጌው ከተማ ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ዘንድ ተሸክሜው ሄድኩ። አይቶ አየና ይህ አይነቱ አይፈታም፣ ብትከፍላቸውም ቁልፉን ለመስጠታቸው ማንም ዋስ አይሆንህም አለኝ። የፋብሪካው ሰውዬ ቤቴ ድረስ መጥቶ የታመመውን ኮምፒውተር በሊኑክስ አስነስቶ ከውስጡ የተሰረዘ ነገር ስንቆፍር ዋልን። የልጄ የድሮ ሥዕል ወጣ። የማን እንደሆነ የማናውቀው የሰው ሠርግ ወጣ። በወጣ ቁጥር ልቤ ዘለል ይላል፣ ከፍቼ ሳየው እሱ አይደለም። የአባቴ ድምፅ አንዲት ቃል እንኳ አልተገኘችም። ሰውዬው ትከሻዬን ያዝ አድርጎኝ ወጣ። ሚስራዱ ጋ ደውዬ ብጠይቅ ደግሞ ያለ ቆጠራው ፋይሉ አይንቀሳቀስም አሉኝ።

ለእህቴ መንገር የግድ ነበር። ስደውልላት ከጎኗ የልጅ ልጆቿ ይንጫጫሉ፤ ዝም አሰኘቻቸው። የሆነውን እንዳለ ነገርኳት። ሌላ የሚቆጥር አይገኝም ወይ አለችኝ። ከአጎታችን በቀር ማን አለ ብዬ ለራሴ እንደማወራ ተናገርኩ።

"እሱንማ እኔው ቀበርኩት፣ ወንድምዓለም" አለች።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ። አባቴ እዚያች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አየዋለሁ፤ ሰባቱም ቤት እዚያ ጭንቅላት ውስጥ አለ። ሐኪሞቹ ይገባዋል ብለዋል። መጻፍ ግን ድሮም አይችልም። አንድ ቃል እንኳ ቢወጣው፣ አንድ ስም ብቻ፣ ከዚያ ሌላ እየጠየቅሁ በጭንቅላቱ ንቅናቄ አዎ አይደለም እያስባልኩ እቀጥለዋለሁ አልኩ። ጭንቅ ሰውን እንዲህ ያስመኛል። ያንን የሚንኮሻኮሽ ማይክሮፎን ተሟግቼ ተሟግቼ በሊኑክሱ ላይ አስተካከልኩት፤ አሁን ትንፋሽ እንኳ አይስትም። ኮምፒውተሩን ከአባቴ ፊት አደረግሁ።

"አባባ፣ የእትዬን እናት ቤት ቁጠርልኝ" አልኩት።

ገባው። ዓይኑ በራ። ደህናውን እጁን ሰዶ ጋቢውን አስተካከለ። ቆጠራ ከልጅ ነው የሚጀመር፤ ከእህቴ ተነስቶ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ አያቷ ነው የሚወጣ። የመጀመሪያዋን ጣቱን አነሳ። አፉን ከፈተ፣ አንዲት ቁራጭ ድምፅ ወጣች፣ ቆመ። ደግሞ ጀመረ፤ ያችው ድምፅ። ጣቱ እንደተነሳች ናት፤ ሁለተኛዋ አልተነሳችም። ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ፣ አሁንም ይሞክራል። እኔ በቃህ ማለት አልቻልኩም፤ ምናልባት የሚቀጥለው ይሆናል እላለሁ። እናቴ መጥታ "ልትገድለው ነው?" ብላ ማይክሮፎኑን ከፊቱ አነሳችው።

የተቀዳውን ፋይል አስቀመጥኩት። በዚያ ሁሉ መከራ የተማርኩትን ሁሉ አደረግሁለት፤ የተለያየ ቦታ ገልብጬ፣ ዲስኩን ነቅዬ፣ በፓስወርድ ቆልፌ። የዓለም ቫይረስ ቢሰበሰብ አሁን አይነካውም። ምን ዋጋ አለው! ውስጡ ትንፋሽና አንዲት የማትገባ ድምፅ ብቻ ናት። አጭር ስለሆነች ለእህቴ በስልክ ላክሁላት፤ ባዶ ነው፣ የአባባን ድምፅ ከናፈቀሽ ብዬ ነው አልኳት።

ቆይታ ደወለች። ድምፅዋ ተሰብሯል።

"ባዶ ነው ነው ያልከኝ? እኔን ነው'ኮ የሚጠራ።"

ሕፃን ሳለች አባባ ብቻ የሚጠራት የፍቅር ስም ነበራት፤ እኔ ሳልወለድ የቀረ ስም ነው፣ አላውቀውም ነበር። ነገረችኝ። ያቺ ድምፅ የስሙ መጀመሪያ ናት። አባቴ ከቆጠራው አንድ እርምጃ አልተራመደም፤ እሷው ላይ ቆሟል፣ ደግሞ ደጋግሞ እሷን። ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ "እንግዲህ የእኔ ነገር አበቃ፣ አይደለም?" አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ስልኩን ለአባባ አቅርብልኝ አለች።

ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ድምፅዋ ወደ እኔም ይሰማል።

"አባባ፣ ሰምቸሃለሁ። ይበቃሃል፤ ከእንግዲህ ለእኔ ብለህ አትድከም። እሺ?"

አባቴ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፤ ደጋግሞ፣ በኃይል፣ ስልኩ ከእጄ እስኪያመልጥ። እሷ ግን ጎንደር ናት፤ አላየችውም። ዝም ሲላት እሺ ያላት መስሏት፣ እኔ ስልኩን ከወለሉ ሳላነሳ ዘጋችው።