መስመሩን የሚሰማው ተከራይ

ሳቢት ግቢያችን የገባው ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ነው ልበል? ቀኑን ስጽፈው እጄ ወደ ኋላ ይላል። ካርቶኖቹን ሸራ አልብሶ ሲያስገባ አይቼዋለሁና ዝናቡ ገና ጨርሶ አላቆመም ማለት ነው፤ መስከረም መጨረሻም ሊሆን ይችላል። ደሳለች ደግሞ «የለም ጋሼ፣ እሱ የገባው የመዘምራኑን ሰማያዊ ጋውን ስቆርጥ ነው፤ ኅዳር ነበር» ትላለች። ብቻ በአንደኛው ቀን ገባ። የወጣበትን ግን ማንንም አልጠይቅም፤ አስታውሰዋለሁ።

ግቢው ጉለሌ ውስጥ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ሲወጡ ነው። ከአባቴ ወረስኩት። ዋናው ቤት ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ፤ ከኋላ ያሉትን ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አከራያለሁ። በአንደኛው ደሳለች አለች፤ ለአብያተ ክርስቲያናት የመዘምራን ልብስ ትሰፋለች። በሁለተኛው ኢታና አለ፤ ከአዲሱ ገበያ ሸጎሌ የሚመላለስ የሰው ሚኒባስ ይነዳል። ሦስተኛውን፣ ከጥግ ያለውን፣ ሳቢት ተከራየው።

ስለ መብራታችን አስቀድሜ ልናገር። ግቢው ያለው አንድ ቀጭን መስመር ነው፤ አባቴ አምፖልና ሬዲዮ ብቻ በነበረበት ዘመን ያስገባው። ሁለት ከባድ ዕቃ አንድ ላይ ከተሰካ ግቢው በሙሉ ድርግም ይላል። ስለዚህ ማንም ከባድ ነገር ከመሰካቱ በፊት ወደ በሩ ወጥቶ ይጮኻል።

«ካውያ ልሰካ ነው!» ትላለች ደሳለች።

«ስኪ!» ይላል ኢታና ምድጃውን ነቅሎ። ወይም «ቆይ አንቺ ሴትዮ፣ ወጤ ሊደርስ ነው!» ይላል።

ይህን ለሳቢት በገባ ዕለት ነገርኩት። «እሺ ጋሽ ቦና» አለ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሲናገር ዓይኑን ጫማው ላይ የሚያሳርፍ ቀጭን ልጅ ነው። በማግስቱ ከክፍሉ የማያቋርጥ ጩኸት መጣ። መስኮቱን ከውስጥ በካርቶን ሸፈነው። ግድግዳው ከውጭ ሲነኩት ይሞቃል፤ የሰፈሩ ድመቶች በሙሉ ጣሪያው ላይ መተኛት ጀመሩ።

«ይሄ ሰውዬ ወፍጮ ቤት ከፍቶ እህሉን ደብቆታል» አለ ኢታና።

«ብር የሚያትም ቢሆንስ?» አለች ደሳለች።

«ብር ቢያትም እዚህ ይከራያል?»

ሳቅን። እኔ ግን ሳቄን ስጨርስ ያንን የተሸፈነ መስኮት አየሁት።

ስለ ሳቢት ኑሮ የማውቀውን አብዛኛውን የነገረችኝ እህቱ ጀዊሪያ ናት። ክፍሉን ልታይ መጥታ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ነበር። አባታቸው ከስልጤ መጥተው አዲሱ ገበያ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ከፈቱ፤ ልጆቹ እዚያው ባልዲና ጀሪካን መሃል አደጉ። ሳቢት ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሮ ሲመለስ ሱቁ ውስጥ ተቀመጠ።

«ከሚቀመጥ ባይቀመጥ ይሻል ነበር» አለች ጀዊሪያ። «ደንበኛ ይገባል፣ ዕቃ ያነሳል፣ ይወጣል፤ እሱ ስክሪን ላይ አፍጥጧል። በኋላ ባለቤቴ ከዱባይ የኮምፒውተር ካርዶች አንድ በአንድ አመጣለት። ከሱቁ ጀርባ መጋዘን ውስጥ ገጠማቸው። አንድ ቀን ብገባ ባልዲው ሁሉ በሙቀት ተጣሟል! ‹ወይ አንተ ወይ ባልዲው› አልኩት።»

«ምንድን ነው ግን የሚሠራው?»

«ወላሂ ጋሼ፣ እኔም አላውቅም። ሐራም እንዳልሆነ ግን አስምዬዋለሁ።»

እህቱ ያስማለችው ሰው ይበልጥ አሳሰበኝ። በማግስቱ በሩን አንኳኳሁ። ሳቢት ሳያመነታ አስገባኝ። አናጢ በሠራለት የእንጨት መደርደሪያ ላይ ጥቋቁር ሳጥን የሚመስሉ ካርዶች ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ትናንሽ የማቀዝቀዣ ፋኖች ይሽከረከራሉ። ለመነጋገር መጮህ ነበረብን።

«ማይኒንግ ነው ጋሼ! የክሪፕቶ፣ የዲጂታል ገንዘብ! እነዚህ ግራፊክስ ካርዶች ቀኑን ሙሉ ስሌት ይሠራሉ፣ ለስሌቱ ይከፈላቸዋል!»

«ማን ነው የሚከፍላቸው?»

«ማንም! ማለቴ... ኔትወርኩ ራሱ!»

«ማንም» የሚለው መልስ አልተዋጠልኝም። ሕጉ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ «በግልጽ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም» አለኝ። እሱም አልተዋጠልኝም።

ስለ ሥራው ሲያወራ ግን ዓይኑን ከጫማው ላይ አነሳ። ሶፍትዌሩ ክፍት ነው አለ፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ጽፈው ለሁሉም የለቀቁት፣ ማንም ከፍቶ የሚያነበውና የሚያስተካክለው። እንዳለ ቢጠቀሙበት ለእነዚህ አሮጌ ካርዶች አይመችም። «ካርዱ ከሜሞሪው ቁጥር እስኪመጣለት ሥራ ፈትቶ የሚቆምባት ቅጽበት አለች። እሷን ነው የማድነው። ኮዱን እየቀየርኩ አሳጥራታለሁ። በዚያው መብራት የበለጠ ስሌት ይሠራል።» ያስተካከለውንም ወደዚያው ክፍት ቦታ መልሶ እንደሚልክ ነገረኝ። በዚያው መስመር ላይ የራሱን ቆጣሪ አስገጥሞ ስለነበር በመብራት ሂሳብ የምጠረጥርበት ምክንያት አልነበረኝም። መጠርጠሬን ግን አልተውኩም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መብራቱን ደጋግሞ አጠፋብን። ደሳለች «ልሰካ ነው!» ብላ ትጮኻለች፣ ከጥጉ ክፍል መልስ የለም፣ ትሰካለች፣ ድርግም! አንድ ጊዜ በሩ ድረስ ሄዳ «አንተ ልጅ፣ ጆሮህን ለማን አከራየኸው?» ብላ ጮኸችበት። እየደጋገመ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ በኋላ መብራት መጥፋቱ ቆመ። ደሳለች መከረችው፣ ሰማ ብለን ተውነው።

ነገሩ የተገለጠው ደሳለች መጮህ በረሳችበት ቀን ነው። ልብስ ልትረከብ የመጣችውን የመዘምራን መሪ እያዋራች ካውያዋን ሰካች። የሳቢት ማሽን ጩኸቱን ቀነሰ። ነቀለችው፤ ማሽኑ ጮኸ። እንደገና ሰካችው፤ ቀነሰ። ሴትየዋን ሸኝታ በቀጥታ ወደ ኢታና ሄደች።

«እሱ በር ላይ ቁም። እኔ ምንም ሳልናገር እሰካለሁ።»

ኢታና ቆመ፤ እኔም ከበረንዳዬ ሆኜ አየሁ። ማሽኑ ልክ እሷ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር እያዘዘው ይመስል ዝም አለ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ኢታና እጁን ራሱ ላይ ጭኖ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ያያታል።»

ደሳለች ከክፍሏ ወጣች። «ልጆቹ እኔ ጋ ልብስ ይለካሉ እኮ» አለች። «የመዘምራኑ ሴቶች ልጆች። ልብሳቸውን አውልቀው ነው የሚለኩት። ጌታ ሆይ!»

ኢታና ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖሉን ፈታ፣ ኮርኒሱን በጣቱ ቆረቆረ፣ የግድግዳ ሰዓቱን ከፈተ። ካሜራ የለም። «ጎበዝ ነው ማለት ነው» አለ፤ አለመገኘቱም በሳቢት ላይ ተቆጠረ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ነበረብኝ። ነገር ግን ያ ደሳለች የምትሰፋበት ክፍል ለእኔ ሌላ ክፍል ነው። ደርግ ቤተ ክርስቲያናቸውን ባሸገበት ጊዜ አባቴና ጥቂት ምእመናን እዚያ ተዘግተው ይጸልዩ ነበር። መዝሙሩን የሚዘምሩት በሹክሹክታ ነው። ቀን ይቀያይራሉ፣ ሰዓት ይቀያይራሉ፤ የቀበሌ ሰዎች ግን ሁልጊዜ ልክ ሲሰበሰቡ ይመጣሉ። በመጨረሻ አባቴን ወሰዱት። ተመልሷል፤ ሆኖም ከጎረቤቶቹ የትኛው፣ በምን ምልክት እንዳወቀባቸው ሳያውቅ ሞተ። እስከ መጨረሻው ሰላም የሚለውን ሰው ሁሉ ዓይን ይፈትሽ ነበር። ያንንም አብሬ ወርሻለሁ።

እሑድ እነ ደሳለች ከቸርች ሲመለሱ ሳቢትን ወደ ግቢው መሃል ጠራነው። ነጠላ ጫማ አድርጎ ወጣ።

«ካሜራውን የት ነው ያደረግከው?» አለችው ደሳለች።

«የምን ካሜራ እትዬ?»

«እኔ ስሰካ ማሽንህ በምን ያውቃል?»

ፊቱ ፈካ። የጠየቅነው ስለ ሥራው መስሎት ነበር። «አስተዋላችሁት? እኔ እኮ ማንም አያስተውልም ብዬ! ስገባ አካባቢ ስንቴ አጨለምኩባችሁ። አንቺ ትጮኻለሽ፣ እኔ በፋኖቹ ጩኸት አልሰማም። አፈርኩ። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ እንዲሰማ አደረግሁት። ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ፣ የመስመሩን ቮልቴጅ ያነባል፤ ከባድ ነገር ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል። ኮዱ ውስጥ ገብቼ፣ ሲወርድ ካርዶቹ ረገብ እንዲሉ ጻፍኩበት። በቃ።»

«እና ማሽኑ ይሉኝታ አለው በለን!» ኢታና ሳቀ።

«እንደዚያ በለው።»

«ለምን አልነገርከንም?» አለች ደሳለች።

«ምን ብዬ? ይታመናል?»

«አሁንም አልታመነም።»

ያን ጊዜ ሳቢት ንጹሕነቱን ሊያሳየን ፈለገ። ጥፋቱ ይኸው ነው። «አያይም እኮ፤ መስመሩን ነው የሚሰማው። ለምሳሌ ያንቺ ካውያ ይገባል ይወጣል፣ ይገባል ይወጣል፤ ሲግል ራሱን ስለሚያጠፋ ነው። የኢታና ምድጃ ደግሞ አንዴ ከገባ ይቆያል። ዓርብ ዓርብ ረፋድ ላይ ነው የሚገባው።»

ኢታና መሳቁን አቆመ። ዓርብ ረፋድ ተራ እየጠበቅሁ ነው ብሎ ለመኪናው ባለቤት ይናገር እንደነበር ግቢው በሙሉ ያውቃል፤ ሳቢት ብቻ አያውቅም።

«እርስዎም ጋሼ» አለ ወደ እኔ ዞሮ፣ በፍጹም የዋህነት፣ «ጠዋት ማንቆርቆሪያውን ሁለቴ ነው የሚሰኩት። ያፈሉታል፣ ይረሱታል መሰለኝ፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይሰኩታል።»

እውነት ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃውን አፍልቼ መስኮቱ አጠገብ እቀመጥና የሄዱ ሰዎችን ሳስብ እረሳዋለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ይህን ያወቀብኝ ሰው አልነበረም። ማብራሪያው ገብቶኛል፤ ቮልቴጅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ካሜራ እንደሌለም አምኛለሁ። ግን ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ ሰዓቴን የሚያውቅ ሰው አለ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ብትፈልግ ይሻላል» አልኩት።

«እሺ ጋሽ ቦና» አለ። ዓይኑን መልሶ ጫማው ላይ አሳረፈ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ደስ አይሉም። ደሳለች ልብስ ማስለካቱን ወደ እህቷ ቤት አዞረች። ኢታና ሳቢትን ሰላም ማለት ተወ። ማሽኑ ግን ካውያው በተሰካ ቁጥር ረገብ ማለቱን አልተወም፤ እያባረርነውም ይጠነቀቅልናል። ደሳለች ራሷ አንድ ከሰዓት በኋላ ክር እያስገባች «ጋሼ፣ ተንኮለኛ ቢሆን እንዲህ ፊት ለፊት ይነግረን ነበር?» አለችኝ።

እኔን የያዘኝ አንድ ጥያቄ ነበር። ያስተካከለውን ኮድ ለዓለም እንደሚልክ ነግሮኛል። ታዲያ የሰማውንስ? የካውያው፣ የምድጃው፣ የማንቆርቆሪያው ሰዓት አንድ ቦታ ተቀምጧል? አብሮ ወጥቷል? ወይስ ማሽኑ እየሰማ እዚያው ይረሳዋል? ይረሳዋል ካለኝ እንዲቆይ እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። አባቴ ማንን እንደሚጠይቅ እንኳ አያውቅም ነበር፤ እኔ የምጠይቀው ሰው በራፌ ላይ አለ። በስልክ ግን አይሆንም፤ ዓይኑን እያየሁ መሆን አለበት። ዛሬ ነገ ስል ቀናቱ አለፉ። ወሩ ገና ነው ብዬ ነበር።

ከጳውሎስ ሆስፒታል የደም ግፊት መድኃኒቴን ገዝቼ ስመለስ በራችን ላይ ፒካፕ ቆሟል። የእንጨት መደርደሪያው፣ ካርቶኖቹ፣ ፍራሹ ተጭነው በገመድ ታስረዋል። ሳቢት ጋቢና ውስጥ ዩፒኤሱን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከኋላ የውሃ ቦቴ ደርሶ ጥሩምባውን ይነፋል።

«ፋዘር፣ ዞር ይበሉልን!» አለ ሹፌሩ።

ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ሳቢት መስታወቱን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ቁልፉን ለእትዬ ደሳለች ሰጥቻታለሁ። በማሽኑ ሙቀት የጠቆረውን ግድግዳ ቀለም አስቀብቼዋለሁ።»

«ሳቢት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ...»

ቦቴው ጥሩምባውን ነፋ። ሳቢት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «እንዴት አሉኝ ጋሼ?» አለ። ሹፌሩ ማርሽ አስገባ። ፒካፑ ፍራሹን እያወዛወዘ ቁልቁል ወረደና ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።